ማስተካከያ፦ የቱሉ ዲምቱው ትል የድሮው ተምች አይደለም

ባለፈው ሳምንት ቱሉ ዲምቱ፣ ጓሮ በቆሎ ላይ ያገኘሁትን ትል ፎቶ ለጥፌ «የለመድነው ተምች ነው፣ ዙሪያውን ቦይ ቆፍሩ» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ትሉ መጤው የአሜሪካ ተምች ነው። ፎቶውን ያዩ የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ነገሩኝ፤ እኔም ከፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት) የመለያ መመሪያ ጋር አስተያየሁት።

ሁለቱም የሌሊት የእሳት እራቶች ልጆች ናቸው፤ ቤተሰባቸው አንድ፣ ዝርያቸው ግን ሌላ። የድሮው መንጋ ሆኖ መሬት ለመሬት ይጓዛል፤ ቦይ የሚያግደውም ለዚህ ነው። በ2009 ዓ.ም. አገራችን ውስጥ የታየው መጤው ግን የበቆሎው ቅጠል ከሚጠቀለልበት መሃል ገብቶ ይደበቃል። እርጥብ ሰጋቱራ የመሰለ ኩስ ካያችሁ እዚያ ውስጥ አለ። መለያው ጭራው አጠገብ ያሉት አራት ጥቁር ነጥቦች ናቸው፤ እንደ ካሬ የተቀመጡ። ፎቶዬ ላይም ቁልጭ ብለው ይታያሉ፤ አልቆጠርኳቸውም እንጂ።

ቦይ መቆፈር የጀመራችሁ ተዉት። እናቲቱ በርራ መጥታ ቅጠል ላይ ነው እንቁላል የምትጥለው። ጠዋት ጠዋት ቅጠሉን ገልብጣችሁ እንቁላሉንም ትሉንም በእጅ እየለቀማችሁ ጨፍልቁ። የቀድሞውን ጽሑፍ ያጋራችሁም ይህን አያይዙበት።