«በሬው ደህና ነው በል»

«ይድረስ ለምወድህ ልጄ። ለጤናህ እንደምን አለህ? እኔ ከአንተ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።»

በ1991 ዓ.ም. ይህን መግቢያ ስንት ጊዜ እንደጻፍኩት አላውቅም። ሚያዝያ 1990 ከኤርትራ ጋር ባድመ ላይ ጦርነቱ ሲጀመር ታላቅ ወንድሜ ዘመተ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ጸሐፊዋ እኔ ነበርኩ።

«በሬው ደህና ነው በል» ትለኛለች። በሬው ለማዳበሪያ ዕዳ ከተሸጠ ሁለት ወር ሆኖታል። «እማዬ፣ ሸጥነው እኮ» ስላት «ጻፍ ነው ያልኩህ!» ወገቧን ይዟት በተኛችበት ሰሞንም ደህና ነበረች፤ ደብዳቤው ላይ። መጨረሻ ላይ ከቤተ ክርስቲያን ያመጣችውን እምነት በወረቀት ቋጥራ ፖስታው ውስጥ ትከታለች። «ግንባሩን ይቀባበት በል።» ግንባር ላለ ልጅ፣ ለግንባሩ። የቃሉ መገጣጠም ያኔ አልታየኝም።

እሱም ከእሷ አያንስም። የካቲት 1991 ባድመ በእኛ ጦር መያዟን በሬዲዮ ሰማን። ከዚያ በኋላ የመጣው ደብዳቤ ስለ ውጊያው አንድ ቃል የለውም፤ የሚጠይቀው የእኔን የፈተና ውጤት ነው።

ለዘማች ልጅ የሚጻፍ ደብዳቤ ሲባል «ኮራሁብህ፣ ጠላትህን ደምስስ» የሚል የሚመስለው ብዙ ሰው አለ። እኔ ከጻፍኳቸው ውስጥ አንድም እንዲህ የሚል የለም። እናት የምትፈልገው መልስ ነው። ቢዋሽም ይሁን፣ መልስ ይምጣ።

ጎረቤታችን ለልጃቸው ሦስት ደብዳቤ አስጻፉኝ። ለፈቃድ መጥቶ በሚመለስ ወታደር እጅ ላክናቸው። ለአንዱም መልስ አልመጣም። ሰኔ 1992 ተኩስ ቆመ፣ ታኅሣሥ 1993 አልጀርስ ላይ ተፈራረሙ። «አለ» ወይም «የለም» የሚላቸው ሰው ግን ደጃቸውን አልረገጠም። መርዶ ሳይመጣ ደግሞ ለቅሶ አይቀመጡም።

ሦስተኛው የጄኔቫ ስምምነት ለጦር ምርኮኛ በወር ቢያንስ ሁለት ደብዳቤና አራት ካርድ መጻፍ ይፈቅድለታል። ጠላት እጅ ለወደቀ እንኳ ይህ ታስቦለታል። በገዛ ሠራዊቱ ውስጥ ላለው ልጅ እናትስ ማን አሰበ? ጥቅምት 2013 ትግራይ ላይ ጦርነት ሲጀመር ስልክም ተቋረጠ። በየአቅጣጫው ስንት እናት ስልኳን ታቅፋ እንዳደረች ሁላችንም አይተናል።

ከባድ ነገር አይደለም የምጠይቀው። ልጅ ሲመለመል ወረዳው መዝገብና ጠረጴዛ አያጣም። ያው ጠረጴዛ ለወላጅም ይሥራ። ስሙና ስልኩ የሚታወቅ አንድ ሰው ይቀመጥና በቀነ ገደብ «አለ፣ ቆስሏል፣ ሞቷል» ይበል። መርዶውንም እንደ ወጉ፣ ሽማግሌ ይዞ ቤት ድረስ ሄዶ ይንገር።

ወንድሜ ተመልሷል። እናቴ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አልለቀው አለች። ስትለቀው ዞር ብሎ በረቱን አየና «በሬው የታለ?» አለ።

ጎረቤታችን ደጃፉ ላይ ቆመው ተራቸውን ይጠብቁ ነበር።