እርማት፦ ማክ አድራሻ መመዝገብ ማንነት ማረጋገጥ አይደለም

«ኮምቦልቻ ቢሯችን በየፖርቱ ማክ አድራሻ ስለመዘገብን ሌላ ሰው ሊገባ አይችልም» ያልከው ወንድሜ፣ አብሽር፣ ድካምህ ከንቱ አልቀረም፤ በሩ ግን አልተዘጋም። ማክ አድራሻ የእያንዳንዱ የኔትወርክ መሣሪያ መለያ ቁጥር ነው፤ የፕሪንተሩ ብዙ ጊዜ ከጀርባው ተለጥፎ ይገኛል። ያንን አንብቦ የላፕቶፑን አድራሻ የቀየረ ሰው የፕሪንተሩን ገመድ ቢሰካ ስዊቹ፣ ማለትም ገመዶቹ በየፖርቱ የሚሰኩበት መሣሪያ፣ አይለየውም።

ማንነት የሚጠይቀው 802.1ኤክስ የሚባለው የኔትወርክ መግቢያ ማረጋገጫ ደንብ ነው። ስዊቹ ራሱ አይፈርድም፤ ጥያቄውን ማን ይግባ ብሎ ለሚወስነው ራዲየስ ሰርቨር በዩዲፒ 1812 (የኔትወርክ መልእክት መስመር ቁጥር) አስተላልፎ ፈቃድ እስኪመጣ ፖርቱን ዘግቶ ይጠብቃል። ሲስኮ ስዊች ላይ ፖርቱን ብቻ ማዘጋጀት አይበቃም፤ የ802.1ኤክስ አገልግሎቱ ለጠቅላላው ስዊችም መከፈት አለበት። ዊንዶውስ ላይ ዋየርድ አውቶኮንፊግ የሚባለው አገልግሎት ካልተነሳ የማረጋገጫው ማስተካከያ ጭራሽ አይታይም።

802.1ኤክስ የማያውቅ ፕሪንተር በማክ አድራሻ ይለፍ፤ ግን በተለየ ቪላን (ከሌላው በተነጠለ የኔትወርክ ክፍል)፣ ከፕሪንት ሰርቨሩ ጋር ብቻ እየተገናኘ። ሲስኮ ካልቀየሩት በቀር 30 ሰከንድ ሦስት ጊዜ ጠብቆ ነው ወደ ማክ የሚያልፈው። በዚያ 90 ሰከንድ አይፒ አድራሻ ሳያገኝ የሚቀር ፕሪንተር አለና «ተበላሽቷል» ብላችሁ አትንቀሉት።

ማንነት የምታረጋግጡት በሰርተፍኬት (በዲጂታል መታወቂያ) ከሆነና መብራት ሄዶ ሲመጣ ሁሉም ከተከለከለ፣ መጀመሪያ የሰርቨሩን ሰዓት እዩ። የማዘርቦርዱ ባትሪ ካለቀ ሰዓቱ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለስና ደህናው ሰርተፍኬት ሁሉ ውድቅ ይሆናል።