ቦነስ አይረስ ማን አለህ?

ቤታችን አራት ኪሎ ነው። ዘመዶቻችን ግን ተበትነዋል። እህቴ ዋሽንግተን፣ የአክስቴ ልጅ ዱባይ፣ አጎቴ ሜልቦርን። ሁሉም ይደውላሉ። ሁሉም የሚደውሉት ደግሞ ሰው እንቅልፍ ሲወስደው ነው።

እህቴ «ቅዳሜ 3 ሰዓት ላይ ደውሉልኝ» ትላለች። በቃ፣ የቤተሰብ ጉባኤ ይቀመጣል። 3 ሰዓት በኛ ነው በነሱ? በኛ ከሆነስ በሀበሻ ነው በፈረንጅ? የጠዋቱ ነው የማታው? እህቴ ከሄደች ቆይታለችና «በኛ» ስትል እነማንን እንደሆነ ራሷም የለየላት አይመስለኝም። ባለፈው «በኛ ነው ያልኩት እኮ!» ብላ ተቆጣች። እማዬም «እኛስ በማን ደወልን? በኛ ነው የደወልነው!» አለቻት። ሁለቱም ልክ ናቸው። ስልኩ ብቻ ነው ያልተነሳው።

አንድ አሮጌ ላፕቶፕ አለኝ። ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ በዊንዶውስ ፋንታ ጭኜበታለሁ። ሊኑክስ የገባሁት ለነፃነት ታግዬ አይደለም፤ ማሽኑ ዊንዶውስ መሸከም አቅቶት ነው። እና ይሄን የሰዓት ጣጣ በእሱ ልገላገለው አሰብኩ። የሰዓት ፕሮግራሙን ከፍቶ ከተማ እየፈለጉ መጨመር ነው። ከዚያ ስክሪኑ አናት ላይ ያለውን ሰዓት ሲነኩት ከተሞቹ ከካሌንደሩ ሥር ተደርድረው ይወጣሉ። ከየከተማው ጎን ልዩነቱ ተጽፏል። ዱባይ ሲደመር 1። ዋሽንግተን ሲቀነስ 7። አሜሪካኖቹ ጥቅምት ላይ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱት 7ቱ በራሱ 8 ይሆናል። እማዬ ይሄን ሰዓት የመግፋት ነገር እስከዛሬ አልተቀበለችውም። «ፀሐይን ጠይቀዋታል?» ነው የምትለው።

ሰዓቶቹን በኩራት አሳየኋት።

«ይሄ ሁሉ ሰዓት እያለህ ነው ለሰው ልቅሶ የምታረፍደው?» አለችኝ። ቀጥላ «የኛስ የት አለ?»

አሳየኋት። 14፡20 ይላል።

«አስራ አራት?» አለች፣ እያማተበች። «ሰዓት 12 ነው። ሁለቱን ከየት አመጡት?»

እውነቷን ነው። የዓለምን ከተማ ሁሉ ደርድሬ አራት ኪሎን ረሳኋት። ማሽኑ አዲስ አበባን ያውቃታል፤ የዓለም ሰዓት ከሚቆጠርባት ከግሪንዊች 3 ሰዓት የምትቀድም ከተማ አድርጎ። ጠዋት 1 ሰዓት ሲሆን ግን 7 ይላል። እዚህ ከተማ ውስጥ በ7 ሰዓት ቁርስ የሚበላ ሰው ካለ፣ ሌሊት ሥራ ያደረ ነው። ሊኑክስ የዓለምን ሰዓት የሚያነበው ቲዜዳታ ከሚባል መዝገብ ነው። በዋናው መዝገብ ላይ አዲስ አበባ የራሷ መስመር እንኳን የላትም፤ «ናይሮቢን እይ» የምትል ማገናኛ ናት። ንቀት አይደለም። እንደ ፈረንጅ ከ1970 ወዲህ የሁለቱ ከተሞች ሰዓት ተለያይቶ ስለማያውቅ ነው። ለእማዬ አልነገርኳትም።

የራሴን የሰዓት ቀጠና ልፍጠር ብዬ ተርሚናል የሚባለውን፣ ለማሽኑ ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት ከፈትኩ። ሂሳቡ ቀላል ነው። የሀበሻ ሰዓት ከፈረንጁ 6 ይጎድላል። 3 ከምንቀድምበት 6 ሲነሳ፣ ከግሪንዊች 3 ወደ ኋላ። «ሀበሻ ሲቀነስ 3» ብዬ ጻፍኩ። ሀበሻ የሚል ስም ለጥፎ ያንኑ የፈረንጁን 14፡20 አመጣልኝ! ለካ በዚህ አጻጻፍ ምልክቱ ግልብጥ ነው፤ ሲቀነስ ማለት መቅደም፣ ሲደመር ማለት ወደ ኋላ መቅረት። ይሄን ያወጣው ሰው የኛ ሰፈር ደላላ ነው የሚሆነው። ምልክቱን ስገለብጠው ተርሚናሉ ላይ ሠራ። ለእናት ግን ተርሚናል አይከፈትም።

ታዲያ ከግሪንዊች 3 ሰዓት ወደ ኋላ የምትኖር ከተማ ማን ናት? ቦነስ አይረስ!

ጨመርኳት። በ12 ሰዓት አቆጣጠር አደረግኩት። 8፡20 አለ። ፈረንጅ «ኤኤም» የሚለው የኛ ቀን ሆነ፣ «ፒኤም» የሚለው ሌሊታችን። እዚያ እኩለ ሌሊት ሆኖ ቀኑ ሲለወጥ እዚህ 12 ሰዓት ይሆናል፣ ይነጋል። አርጀንቲና ደግሞ ከ2009 ወዲህ ሰዓት መግፋት ትታለች፤ እንደኛው።

ይሄ የቀኑ ነገር ቀላል አይደለም። አጎቴን የሸኘን ጊዜ ትኬቱ ማክሰኞ 02፡00 ይል ነበር። ሌሊት 8 ሰዓት መሆኑን አስልተናል፤ እዚህ ላይ አልተሞኘንም። ማክሰኞ ማታ እራቱን አብልተን፣ በርበሬና ሽሮውን አሽገን፣ ቦሌ ደረስን። አውሮፕላኑ ከሄደ 21 ሰዓት ሆኖታል። የፈረንጅ ማክሰኞ 02፡00 የኛ ሰኞ ሌሊት 8 ነው። ቦነስ አይረስ ብናይ ኖሮ ሰኞ፣ 8 ሰዓት ፒኤም ትለን ነበር። ያንን በርበሬ እስካሁን እየበላነው ነው።

ላፕቶፑ አሁን ቡፌው ላይ ተቀምጦ የቤቱ ሰዓት ሆኗል። ችግሩ የከተማዋን ስም መቀየር አልቻልኩበትም። ጎረቤታችን እትዬ ቡና ልትጠጣ መጥታ አየችው።

«ቦነስ አይረስ ማን አለህ?»

«ማንም የለኝም፣ እትዬ።»

«ማንም ሳይኖርህ ሰዓቷን ምን ያደርግልሃል?»

ከግሪንዊች ጀምሬ አስረዳኋት። እስከ ሁለተኛው ስኒ ድረስ በትዕግሥት ሰማችኝ።

«ይሁን፣ አትናገር» አለች። «ፕሮሰሱ ሳያልቅ አይወራም። ዓይን አለ።»

እሁድ ሳይደርስ ሰፈሩ ሸኘኝ። ባለሱቁ ዱቤዬን እንድዘጋ በጨዋ ደንብ ጠየቀኝ። የእድራችን ሰብሳቢ የዓመቱን ብከፍል እንደሚሻል ነገሩኝ። ደረጃ ላይ ያገኘኝ ጎረምሳ «ሜሲን ሰላም በልልኝ» አለኝ። ሜሲ ማያሚ ነው ብለው «አሃ፣ በማያሚ ነው የምታልፈው?» አለ።

እማዬ ብቻ ናት የገባት። ነገሩን ከኔ በላይ ለምዳዋለች። ባለፈው ቅዳሜ እህቴ በቪዲዮ ደውላ ሲጨርሱ፣ ቀጣዩን ቀጠሮ እሷ ያዘች።

«እንግዲህ እንዳንሳሳት» አለቻት። «በአርጀንቲና 3 ሰዓት ላይ ደውይ።»

ዋሽንግተን ለትንሽ ጊዜ ዝም አለች።

«እማዬ፣ አርጀንቲና ማን አለን?»