በሕይወት ታሪኳ ውስጥ ጫማዋ የለም

አክስቴን የቀበርናት ባለፈው ዓመት በጥቅምት ነው። ፍትሐቱ አልቆ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እንደቆመ የዕድሩ ጸሐፊ ከኮት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣና የሕይወት ታሪኳን አነበበ። ከአባቷ ከአቶ እገሌ፣ ከእናቷ ከወይዘሮ እገሊት ተወለደች። ዕድሜዋ ለትምህርት ሲደርስ ትምህርት ቤት ገባች። በመንግሥት መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት አገልግላ በጡረታ ተገለለች። ባደረባት ሕመም በሕክምና ስትረዳ ቆይታ በተወለደች በ78 ዓመቷ ከዚህ ዓለም በሞት ተለየች። ሦስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። አንድም ሐሰት የለበትም፤ ግን ወረቀቱ ላይ እሷ አልነበረችም።

እቴቴ ነበር የምንላት፣ ልጅ አዋቂው ሁሉ። ከቤት ስትወጣ ሽቶዋ ከእሷ ቀድሞ የሰፈሩ መታጠፊያ ይደርሳል። የነጠላዋ ጥለት ከጫማዋ ቀለም ጋር ካልገጠመ ለቅሶ ቤት እንኳ አትሄድም፤ ከል ለብሳም ቢሆን ከሉን ታስተካክለዋለች። በደርግ ጊዜ አገሩ ሁሉ ካኪ ለብሶ ሲሰበሰብ እሷም ካኪዋን ለበሰች፤ ግን ወገቡን አስጠብባ፣ አንገትጌውን አስቀይራ። ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማዎቿን በካርቶን አድርጋ ከአልጋ ሥር ደበቀቻቸው። ሰዓት እላፊው ሲነሣ ካርቶኑ ተከፈተ። ሰፈር ውስጥ ለሚሞሸሩ ልጃገረዶች ቀሚስ የምታውስ፣ እጅ ያጠረውን ሰው ከመለመኑ በፊት የምታውቅ፣ ስትስቅ ሳቋ ሦስተኛው ቤት የሚሰማ ሴት ነበረች።

ጸሐፊው ወረቀቱን ሲያጥፍ አንዲት አሮጊት ጎረቤት ከኋላ ድምፃቸውን አወጡ፦

በጫማሽ ኳኳታ ሰፈሩ እየነጋ፣
ዛሬ ማን ያንቃልን ተኝተሽ ያላልጋ።

ያን ጊዜ ነው ለቅሶው የፈነዳው። ወዲያው ግን አንድ የዕድር ሽማግሌ "ሙሾ ይቅር፣ ጸሎት ላይ ነን" አሉና አሮጊቷን ዝም አሰኟቸው። ሁለት ስንኝ የሦስት ደቂቃውን ወረቀት አሸነፈ፤ የተቆጡት ግን ስንኙን ነው።

ሽማግሌውን አልወቅስም። ቤተ ክርስቲያን ፊት መንጨትንና ደረት መድቃትን ስትከለክል ምክንያት አላት። አልቃሿም ብትሆን ሁልጊዜ ጻድቅ አይደለችም፤ ተከፍሏት የማታውቀውን ሰው አንበሳ ስታደርግ ሰምተናል። ነገር ግን ሙሾ አውራጅ የምታውቀው አንድ ጥበብ ነበር። ሟችን በማዕረጉ ሳይሆን በአረማመዱ፣ በጥርሱ፣ በበቅሎው፣ በሱሪው አቆራረጥ፣ በእንግዳ አቀባበሉ ትጠራዋለች። ለቀስተኛው ሰውየውን እንዲያየው ታደርጋለች፤ ከዚያ በኋላ ለማልቀስ ግፊት አያስፈልገውም። እኛ ከተሜዎች ሙሾውን ጥለን ወረቀቱን ስንይዝ የተውነው ጩኸቱን ብቻ መስሎን ነበር። ዐይኑንም ተውነው።

ይህ ቅርጽ በተለይ የሚበድለው ዘናጭ ሴትን ነው። ወረቀቱ ለልደት፣ ለትምህርት፣ ለሥራ፣ ለጋብቻና ለልጆች ቦታ አለው። ለመዘነጥ የለውም። እንዲያውም የሚያሳፍር ይመስል እንሸፍነዋለን፤ "ታታሪና ቤቷን አክባሪ" እንላለን፣ ሌላው በለቅሶ ድንኳን ውስጥ በሹክሹክታ ይወራል።

እቴቴ ወጣት ሳለች ልትመስላት የምትሞክራት አንዲት ሴት ነበረች፤ ተዋናይቷና ክራር ደርዳሪዋ አስናቀች ወርቁ። ዕድሜው የደረሰ አንባቢ ስሙን ሲያይ ክራሩን ይሰማል። ስሙ ራሱ ቅኔ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ያስናቀች፣ ያውም ወርቁ ከእሷ ጋር። "መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ" ይባላል፤ እሷን ግን ስሟ መደገፍ አላስፈለገውም፣ ሲከተላት ነው የኖረው።

አስናቀች በ1940ዎቹ አጋማሽ ወደ መድረክ ስትወጣ ቴአትር የሴት ቤት አልነበረም። ሴት ገጸ ባሕርይ ሲያስፈልግ ወንዶች ቀሚስ ለብሰው፣ ሻሽ አስረው ይጫወቱ ነበር። ሴት ልጅ በሕዝብ ፊት ቆማ ልታስመስል? አባት ይሞታል እንጂ አይፈቅድም። ሴቶች እነዚያን ቀሚሶች ከወንዶቹ ተረክበው መድረክ ሲይዙ ከመጀመሪያዎቹ አንዷ እሷ ናት። በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ 25ኛ ዓመት ኢዮቤልዩ የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ የሥራ ቤቷ ሆነ። ተወነች፣ ዘፈነች፣ ክራሯን ደረደረች።

ክራሩን ቀለል አድርገን አንለፈው። በገና የዳዊት ነው ተብሎ ይከበራል፤ በጾም ይደረደራል፣ መኳንንቱም ቤታቸው ያስቀምጡት ነበር። ክራር ግን የጠጅ ቤት ነው፣ የፍቅር ነው፤ የሰይጣን መሣሪያ ነው የሚሉም ነበሩ። በገና የያዘች ወይዘሮ ብትገኝ "ጨዋ" ትባላለች። ክራር ያነሣች ሴት ስሟ ሌላ ነው፤ አዝማሪ፣ ከዚያም የባሰ። አስናቀች ያንን መሣሪያ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ አምራና ተኳኩላ፣ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ትዝታና ባቲን እየደረደረች ስንኝ ታወርድ ነበር፤ ሰሙን ለሁሉ፣ ወርቁን ለገባው። ያን ውበት ለብቻው፣ ያን ክራር ለብቻው አድርጎ መተረክ የማይቻለው ለዚህ ይመስለኛል። አለባበሷ ከሥራዋ ጎን የተቀመጠ ጌጥ አልነበረም። የሚያዋርዷትን ዐይኖች የምትመልስበት መንገድ ነበር፤ "ዝቅ አድርጋችሁ ልታዩኝ ከፈለጋችሁ እስቲ መጀመሪያ በደንብ እዩኝ" እንደማለት። ይህ የእኔ ንባብ ነው፣ እሷ አላለችውም። የዘመኑን ፎቶግራፎች የሚያይ ሰው ግን አይስተውም ብዬ አስባለሁ።

ሕዝቡ ደግሞ ሁለት ልብ ነበረው። ማታ ያጨበጭብላታል፤ ጠዋት ልጁ እሷን እንዳትመስል ይገሥጻል። አያቴ የእቴቴን የፀጉር አሠራር ባየች ቁጥር "አዝማሪ ልትሆኚ ነው?" ትላት እንደነበር እናቴ ታወራለች። ይህችው አያቴ ሬዲዮ ላይ ያ ክራር ሲመጣ ቡናውን ከረከቦቱ ላይ ትታ ታዳምጥ ነበር። ይህን መንታ ልብ ዛሬም አልተውነውም፤ ስልካችን ላይ የሚያምሩ ዘፋኞችን ስናደንቅ ውለን ከሥር የምንጽፈውን ማንበብ ይበቃል።

በፈረንጆቹ 2003 ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ በሚያዘጋጀው ኢትዮጲክስ በተሰኘው ተከታታይ የሙዚቃ ስብስብ 16ኛውን ቅጽ ሙሉውን ለእሷ ሰጠ። ርእሱም "ባለ ክራሯ እመቤት" የሚል ፍች ያለው ነው። እኛ "አንጋፋዋ አርቲስት" ስንላት የባዕድ ሰው እጇ ላይ ያለውን ዕቃ አየ። ትንሽ ያስቀናል። በመስከረም 2004 ዓ.ም.፣ የአደይ አበባው ገና ሳይጠወልግ፣ አስናቀች ዐረፈች። አንጋፋ፣ ዕውቅ፣ ሁለገብ፤ እነዚህ ቃላት ለማንም ይሆናሉ፣ እንደ ዕድር ድንኳን ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ይዘዋወራሉ።

የሚነሣብኝን ክርክር አውቀዋለሁ፤ የገዛ አጎቴ ነው ያነሣው። "ሰው በምግባሩ እንጂ በልብሱ ይታወሳል እንዴ? ልብስ አላፊ ነው።" ልክ ነው፣ አላፊ ነው። እኛም አላፊ ሆነን ነው እኮ የተሰበሰብነው! የማያልፈውን ነገር ለእግዚአብሔር ትተን የሚያልፈውን ማስታወስ የእኛ የቀሪዎቹ ድርሻ ነው። ደግሞ የእቴቴን ምግባር ከልብሷ እንዴት ነጥዬ ላውራው? ደግነቷ ያለፈው በቀሚሶቿ በኩል ነው። ቢያንስ አራት ሙሽሮች በአንድ ነጭ ቀሚሷ ተድረዋል፤ አንዷ ቀሚሱን ስትመልስ ወይን ጠጅ ፈስሶበት ነበር። እቴቴ እድፉ ላይ ጥልፍ አስጠለፈችበትና ከዚያ በኋላ የተዳሩት ሁሉ "ባለ ጥልፉን" እያሉ ጠየቁ። ይህ ታሪክ ወረቀቱ ላይ በየትኛው መሥመር ይገባ ነበር? "በማኅበራዊ ሕይወቷ ተግባቢ" በሚለው?

የሕይወት ታሪክ ለሚጽፉ ልጆችና የዕድር ጸሐፊዎች ምክር መስጠት ይከብደኛል። ወረቀቱ የሚጻፈው ሌሊት፣ በለቅሶ መሐል፣ እንባ ባሳበጠው ዐይን ነው። ሰው በዚያ ሰዓት የለመደውን ቅርጽ ቢይዝ አይፈረድበትም። ግን አንድ ዐረፍተ ነገር፣ አንዲት ብቻ፣ ለሌላ ለማንም የማትሆን ቢጨምሩበት ምን ይጎድላል? ጫማዋን። ሳቋን። ቡና ስትጠጣ ስኒውን የምትይዝበትን መንገድ።

በአርባዋ ቤተሰቡ በፎቶ ተጣላ። ቀብሩ ላይ የተያዘው የቀበሌ መታወቂያዋ ፎቶ ነበር፣ ጎላ ተደርጎ የታተመ፤ እቴቴ ከመታወቂያዋ በቀር የትም እንደዚያ ፈዝዛ አታውቅም። የአጎቴ ምርጫ ነጠላ ተከናንባ ጥምቀት ላይ የተነሣችው ነው። እናቴ ግን ከሣጥኗ ሥር አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አወጣች። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፒያሳ ከሚገኝ ፎቶ ቤት የተነሣችው ነው። ፀጉሯ ወደ ላይ ተከምሯል፣ ዐይኗ ተኩሏል፣ ቀሚሷ ከጉልበቷ በላይ ነው፣ ጫማውም አለ። ጭኗ ላይ የፎቶ ቤቱን ክራር አስቀምጣለች። ክራር መምታት ጨርሶ አታውቅም፤ አስናቀችን ለመምሰል ብላ ነው።

አጎቴ ፎቶውን ዐይቶ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። "ይህንን ቄስ ፊት?" አለ በመጨረሻ። እናቴ መልስ አልሰጠችውም፤ መስታወቱን በነጠላዋ ጫፍ ወለወለችና ሻማው አጠገብ አቆመችው። ለተዝካሩ የመጣው ሁሉ ገና ከበሩ ሲገባ ያየው እሱን ነው። ሙሾ ያወጡት አሮጊት ቀረብ ብለው አጎንብሰው ተመለከቱትና ሳቁ፤ ክራሩን የያዘችው ገልብጣ ነው።