ፊርማዬን መልሱልኝ

ወገኖቼ፣ ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው፤ ፊደል ብገድፍ እለፉኝ። ያ የዩኒቨርሲቲያችን መምህራን ስብሰባ ትዝ ይላችኋል አይደል? ማይኩ እየጮኸ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ስለ «በጀት ቁጠባ» ሲያወሩ ያረፈዱበት፣ እኛ እጅ አውጥተን አውጥተን ክንዳችን ሲዝል «ሰዓት ሄዷል፣ ሻይ ቀርቧል» ተብለን የተበተንንበት? በመሀል አንድ ወረቀት ሲዞር ነበር። ስም፣ ትምህርት ክፍል፣ ፊርማ። አቴንዳንስ ነው ብለን ሁላችንም ፈረምን። ካልፈረሙ እኮ «ከስብሰባ ቀርተዋል» የሚል ደብዳቤ ይደርሳል!

ያ ወረቀት ዛሬ ፋይናንስ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ከላዩ የተያያዘው ቃለ ጉባኤ ደግሞ «መምህራኑ በስፋት ከተወያዩ በኋላ የመንፈቀ ዓመቱ የኦቨርሎድ (ከመደበኛው ጫና በላይ የማስተማር) ክፍያ በግማሽ እንዲቀነስ በሙሉ ድምፅ ተስማምተዋል» ይላል። በሙሉ ድምፅ! የማን ድምፅ? የማይኩ ካልሆነ በቀር በዚያ አዳራሽ ድምፅ የነበረው ማን ነው?

የፋይናንሷ ልጅ ምን ታድርግ፣ እሷም እንደኔው ወር ጠባቂ ናት። ስሜን በጣቷ እያሳየችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ «መምህርት፣ ይኸው ፈርመዋል እኮ» አለችኝ። ፊርማው የኔ ነው። ከላይ የተጻፈውን ግን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። እድር ላይ ስሙ ሲጠራ «አቤት» ያለ ሰው ቤቱን ለእድሩ ሰጠ ይባላል እንዴ?

ቀጥ ብዬ ዲኑ ቢሮ ሄድኩ። አሁን የምነግራችሁን ቃል በቃል ያዙልኝ። ቢሮው ውስጥ ጸሐፊዋ አለች፣ ከኛው ክፍል አንድ መምህር አለ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ሪአድሚሽን (ዳግም ቅበላ) ሊጠይቅ የመጣ ተማሪ ቆሟል። ጠዋት ያስተማርኩት የራሴ ተማሪ!

«ይሄ አቴንዳንስ ነው» አልኩት።

«ስብሰባው ላይ ነበርሽ አልነበርሽም?»

«ነበርኩ።»

«ተቃወምሽ?»

«ዕድል መቼ ተሰጠን? እጄን አውጥቼ ነበር።»

«እጅ ማውጣት ተቃውሞ አይደለም። ካልተናገርሽ ተስማምተሻል።»

«እሺ፣ ቃለ ጉባኤውን ማን አጸደቀው? በኛ ፊት መቼ ተነበበ?»

ይሄኔ ብዕሩን ጣል አደረገና ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። ፈገግ አለ እኮ! «እኔ የምልሽ፣ የስንት ብር ጉዳይ ሆኖ ነው እንዲህ የምትሆኚው? ባልሽ ነጋዴ አይደል እንዴ?»

በማርያም! ባልሽ ነጋዴ አይደል እንዴ! ጸሐፊዋ አንገቷን ደፋች። የኛ ክፍል መምህር ስልኩን ማገላበጥ ጀመረ። ተማሪው ወለሉን አየ፤ እሱ ልጅ ከሁላችን በላይ አፈረልኝ። ባሌ ቢነግድ ባይነግድ እኔ ያስተማርኩትን ክሬዲት እሱ አስተማረ? የሬሜዲያል ተማሪዎቹን ማርከር በራሴ ገንዘብ ገዝቼ ሳስተምር ባሌ ነበር ሰሌዳ ላይ የሚጽፈው? ወንዱን መምህር «ሚስትህ ትሠራ የለም ወይ፣ ኦቨርሎድህ ይቅርብህ» ብለው ያውቃሉ? ደመወዜ ዲግሪዬን ይዤ፣ ተወዳድሬ፣ ተቀጥሬ የማገኘው የላቤ ዋጋ ነው። የቤት አስቤዛ ማሟያ ችሮታ አይደለም።

ያኔ ግን «መልሱን በጽሑፍ ስጠኝ» ብቻ ብዬ ወጣሁ። እሱም ከኋላዬ «ጻፊ፣ ማን ከለከለሽ፣ መዝገብ ቤቱ ክፍት ነው» አለ።

ሬሜዲያል ካነሳሁ አይቀር ይህንንም ልናገር። የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ከመቶ 3.3 ብቻ ነበር። አገር ጉድ አለ። ከዚያ ያላለፉትን ለዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጅ ሬሜዲያል የሚባል ትምህርት መጣ፤ ልጆቹ እኛ ጋ መጡ። እሰየው፣ እናስተምራቸው፣ ልጆቻችን ናቸው። ቀጥሎ የመውጫ ፈተና መጣ፤ ቱቶሪያል ስጡ ተባልን፣ ሰጠን። ሥራው ሲጨመር ስብሰባ አይጠራም፣ ቃለ ጉባኤ አይያዝም፣ ከላይ አንድ ደብዳቤ ይበቃል። ክፍያው ሲቀነስ ግን የኛ ስምምነት ያስፈልጋል! ለምን መሰላችሁ? ኦዲተር ሲመጣ «መምህራኑ ራሳቸው ወስነው ነው» ለማለት።

ገንዘቡን ደግሞ እናስላው። ከደመወዝ ጋር ተደምሮ ከ14,000 በላይ የሆነው ሁሉ 35 በመቶ ግብር አለበት። ስለዚህ 100 ብር የነበረው ኦቨርሎድ በዚህ ቃለ ጉባኤ 50 ይሆናል፣ ከ50ው 17 ብር ከ50 ለግብር ይሄዳል፣ እጄ የሚገባው 32 ብር ከ50 ነው። ይሄ የ35 በመቶ ነገር ሁልጊዜ ያንገበግበኛል። በ2008 ሲወጣ ከ10,900 ብር በላይ ለሚያገኝ ነበር። ያኔ አንድ ዶላር 22 ብር ገደማ ነው፤ 10,900 ብር እውነትም ትልቅ ደመወዝ ነበር። በ2017 መጨረሻ ሲሻሻል ወደ 14,000 ብቻ ከፍ አለ፤ ዶላሩ ግን ያኔ በባንክ ከ130 ብር አልፎ ነበር። እኔ በምን ሒሳብ ነው የከፍተኛ ገቢ ባለቤት የሆንኩት?

«ደመወዝ ተጨምሮላችሁ የለም ወይ» የምትሉ አትጠፉም። ተጨምሯል። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ሲባል ዘይቱም ኪራዩም በአንዴ ወደ ላይ ወጣ። በ2017 በተደረገው ጭማሪ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ጣሪያ ከ20,468 ወደ 21,492 ነው ከፍ ያለው፤ 1,024 ብር! መስከረም 2018 ላይ ጣሪያው 39,000 ሲገባ እኔም ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም። አከራያችን ግን ዜናውን ከኛ ቀድመው ሰምተው ኖሮ ገና ብሩ እጃችን ሳይገባ «እንግዲህ እናንተም ተጨመረላችሁ» ብለው መጡ። ሽሮም ተጨመረ፣ የልጅ ትምህርት ቤትም ተጨመረ። ኅዳር 2015 መምህራን በየዩኒቨርሲቲው ሥራ ያቆሙት እኮ ለዚሁ ነበር። ያኔ ጠይቀን ያጣነውን ዛሬ «ተስማምታችሁ ለቃችሁታል» እየተባልን ነው።

ከሁሉ የሚያበግነኝ ግን አሠራሩ ነው። የከፍተኛ ትምህርት አዋጁን፣ 1152/2011ን፣ አንብቤዋለሁ። የተቋም ነፃነት፣ ተጠያቂነት፣ አሳታፊ አስተዳደር የሚሉ ቃላት ሞልተውበታል። እኛ ቤት እንዴት ነው የሚሠራው? በትምህርት ጉዳይ የሚወስነውን የዩኒቨርሲቲውን ሴኔት የሚሰበስበው ፕሬዚዳንቱ፤ ሴኔት ውስጥ በብዛት የተቀመጡት ደግሞ ፕሬዚዳንቱ የሾሟቸው ዲኖችና ዳይሬክተሮች። የሾመህን ሰው ፊት ለፊት «ይህ ነገር ልክ አይደለም» ለማለት ምን ያህል ወኔ ይጠይቃል? የመምህራን ተወካያችን ማን እንደሆነ ራሱ የምታውቁ እጃችሁን አውጡ። እኔ ዛሬ ጠይቄ ነው ያወቅሁት፤ ተወካዩ ለትምህርት ውጭ ከሄደ ቆይቷል፣ ወንበሩ ባዶ ነው።

የትምህርት ክፍል ኃላፊ ምርጫውንስ ረሳችሁት? ድምፅ ሰጠን፣ ቆጠርን፣ አጨበጨብን፣ ለአሸናፊዋ እንኳን ደስ ያለሽ አልናት። የሹመት ደብዳቤው ግን በሌላ ሰው ስም መጣ። ማንም አልጠየቀም። እኔም በሆዴ ይዤው ቀረሁ፣ እሷም «ተዉት ይለፍ» አለች። እነሱም እንደሚያልፍላቸው ያን ቀን ተማሩ።

አንድ አንጋፋ መምህራችን ዛሬ ላውንጅ ውስጥ ይህን ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉና «ልጄ፣ የኛ ትውልድ 1985ን አይቷል» አሉኝ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር አስራት ወልደየስን ጨምሮ ከ40 በላይ መምህራን በአንድ ጊዜ የተባረሩበትን ዓመት ማለታቸው ነው። የሕክምና ፋኩልቲ ዲን የነበሩ ትልቅ ሐኪም በደብዳቤ ሲሸኙ ያየ መምህር ዝም ማለትን ቢማር አልፈርድበትም። ግን እኮ ዛሬ የምንፈራው ያንን ያህል ነገር አይደለም! የምንፈራው የትምህርት ዕድል ዝርዝር ውስጥ እንዳንዘለል፣ የዩኒቨርሲቲው ቤት ተራ እንዳያልፈን፣ ደረጃ ዕድገታችን ኮሚቴ ላይ እንዳይከርም ነው። በነዚህ ትንንሽ ነገሮች ነው አፋችን የተያዘው። እኔንም ጨምሮ የሁላችንም የረዳት ፕሮፌሰርነት ፋይል በእጃቸው ነው።

አንዱ ጓደኛችን «ከእንግዲህ ስብሰባ የምገባው እጄን በፋሻ ጠቅልዬ ነው፣ ፈርም ሲሉኝ ተሰብሬያለሁ እላለሁ» ብሎ አሳቀን። ከልቤ ሳቅሁ፣ ዛሬ የሳቅሁት ያን ብቻ ነው። ከዚያ ደግሞ ያው ልጅ በቀጣዩ ወር ለአንድ ድርጅት ሥራ ሊለቅ መሆኑን ነገረኝና ሳቄ ጠፋ። ከኛ ክፍል ጎበዝ ጎበዙ እየወጣ ነው። ኮርሶቹ ለቀረነው ይከፋፈላሉ፣ ኦቨርሎድ ይሆናሉ፣ ኦቨርሎዱም እንዲህ በግማሽ ይቆረጣል።

ደክሞኛል በእውነት። የሚድ ፈተና ወረቀት ተከምሮ እየጠበቀኝ ነው፤ ልጆቹ ምንም አላጠፉም፣ አርሜ እሰጣቸዋለሁ። ይህን ነገር ግን አልተወውም። ደብዳቤውን ጽፌ ጨርሻለሁ፦ አቴንዳንሱ ከቃለ ጉባኤው ይነጠል፣ ቃለ ጉባኤው በመምህራን ፊት ተነቦ ይታረም፣ ያስተማርነው በተዋዋልነው ልክ ይከፈል። ግልባጭ ለሴኔት፣ ለቦርድ ጽሕፈት ቤትና ለውስጥ ኦዲት። ሰኞ 3 ሰዓት ላይ መዝገብ ቤት አስገብቼ ቁጥር እቀበላለሁ። አብራችሁኝ የምትፈርሙ ከዚያ በፊት ቢሮዬ ኑ፤ ከላይ የተጻፈውን መጀመሪያ አንብቡት፣ ያልጣማችሁን ሰርዙ፣ ከዚያ ፈርሙ። የሌላው ካምፓስ ልጆች፣ እናንተ ጋም ይኸው ወረቀት ዞሮ ከሆነ ፎቶ አንስታችሁ በውስጥ ላኩልኝ።

ዲናችንም ይህን እንደሚያነበው አውቃለሁ፣ የሚያቀብለው አያጣም። መልሱን በጽሑፍ ይስጠኝ። ባሌን ግን ከአፉ ያውጣልኝ።