ጡረታ የወጣ ወታደር ጄኔራሉን ቢተች ምን ነውር አለው?

የደርግ ዘመኑ የቀድሞው ሠራዊት አባላት በየዩቲዩቡ መናገር ከጀመሩ ሰነባብተዋል። አንዱ የመቶ አለቃ ኤርትራ ውስጥ ስለተደረገው የአፋቤት ውጊያ ያወጋል። ሌላው ሻምበል ትግራይ ውስጥ ስለነበረው የሽሬ ውጊያ። ወሬው ሞቅ ሲል የአንድ ጄኔራል ስም ይነሳል፤ "ያስጨረሰን እሱ ነው" ይባላል። ያኔ ነው ጭቅጭቁ የሚጀምረው። "የወታደር ገመና አደባባይ አይወጣም፤ ደግሞስ ሰውየው ሞተው የለ?" የሚል አይጠፋም። ተናጋሪዎቹ ራሳቸውም ይከብዳቸዋል መሰለኝ፣ "ሙት ወቃሽ አያድርገኝና" ሳይሉ ስም አይጠሩም።

እኔ ይናገሩ ባይ ነኝ። ስምም ማዕረግም ጠርተው ይናገሩ።

ሥራ ላይ ያለ ወታደር አዛዡን በሚዲያ ቢያብጠለጥል ሌላ ነገር ነው። ነገ አብረው ምሽግ ይገባሉና የትኛውም ጦር ይህን አይፈቅድም። መፍቀድም የለበትም። የእነዚህ ሽማግሌዎች ዝምታ ግን የሚጠብቀው የትኛውን ዲሲፕሊን ነው? ያገለገሉበት ጦር በግንቦት 1983 ዓ.ም. ፈርሷል። ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ነው የተበተነው። ከኤርትራ በረሃ አቋርጦ ሱዳን የገባ አለ። ቶላይን በመሳሰሉ ካምፖች ሰንብቶ ወደ ቀዬው የተሸኘ አለ። መለዮውን እንደለበሰ መንገድ ዳር ቆሞ የለመነም አለ። የዕዝ ሰንሰለቱ ያኔ ተበጥሷል። የቀረው ይሉኝታ ነው።

ዝምታው ደግሞ ሁሉንም እኩል አይጠቅምም። ከማንም በላይ መልስ የሚጠበቅባቸው ሰው ቀድመው ተናግረዋል። ሌተና ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሐራሬ ተቀምጠው ቃለ ምልልስ ሰጥተዋል፣ መጽሐፍም ጽፈዋል። ሽንፈቱን በማን እንዳላከኩ ያነበበ ያውቀዋል፤ በጄኔራሎቹ ነው። እንግዲህ የመቶ አለቃው ዝም ካለ የሚቀረን የጠቅላይ አዛዡ ቃል ብቻ ሊሆን ነው። ጦሩን ትተው በአውሮፕላን የሄዱ ሰው ቃል መሆኑን አንርሳ።

አፋቤትን ልውሰድ። መጋቢት 1980 ዓ.ም. ነው። አካባቢውን ይዞ የነበረው የናደው ዕዝ በሦስት ቀን ውስጥ ፈረሰ። ታንክና መድፍ ይዞ ወደ አፋቤት ያፈገፍግ የነበረ ረጅም ኮንቮይ አድ ሸሩም የሚባል ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ገባ። የፊተኛው ታንክ ተመታ፤ መንገዱ ጥርቅም ብሎ ተዘጋ። ወደፊት መሄድ የለ፣ ወደኋላ መዞር የለ። ከዚያ የራሳችን አየር ኃይል መጥቶ ኮንቮዩን በቦምብ ደበደበው፤ መሣሪያው ሻዕቢያ እጅ እንዳይገባ ተብሎ።

እዚያ መተላለፊያ ውስጥ የነበረ ሰው ዛሬ ሰባ ዓመት ቢሞላው ነው። እሱ የሚያውቀውን ማንም ጄኔራል አያውቅም። አውሮፕላኖቹ ከመምጣታቸው በፊት በሬዲዮ "ውረዱ" የተባለ ነበር ወይ? ቁስለኞቹ መኪና ላይ ነበሩ ወይስ ወርደዋል? ለማፈግፈግ የታዘዙት ስንት ሰዓት ላይ ነው? ይህን መናገር ስም ማጥፋት ሊባል አይችልም። የሞቱት ልጆች ቤተሰቦችም ሊሰሙት የሚገባ ነገር ነው።

ግን ልጓም ያስፈልጋል። የመቶ አለቃው የራሱን ኮረብታ ያውቃል፤ ካርታውን አያውቅም። ቦምቡን ማን እንዳዘዘ ሊገምት ይችል ይሆናል እንጂ አላየም። "አየሁ" እና "ሰማሁ" ሲደባለቁበት ደግሞ እውነተኛው ምስክርነቱም አብሮ ይረክሳል።

ሌላም አለ። አፋቤት ከመውደቁ ከሳምንታት በፊት የናደው ዕዝ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በመንግሥቱ ትእዛዝ ተረሽነዋል። ይህን ያየ ሌላ አዛዥ ወደ አዲስ አበባ ደውሎ "አልቻልንም፣ እናፈግፍግ" ለማለት ምን ያህል አንጀት ይኖረዋል? ከጎኑ የፖለቲካ ኮሚሳር አለ። የደህንነት ሰው አለ። እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መስመር ወደ ላይ ያሳብቃሉ። አዛዥ ተብሎ ለማዘዝ ግን ሁለቱንም ማስደሰት ግድ ነው። እንዲህ ባለ ጦር ውስጥ የነበረን ጄኔራል "ፈሪ ነበር" ብሎ መጨረስ ምንም አያስረዳንም።

ይህን ስል ጄኔራሎቹን ነጻ እያወጣሁ አይደለም። ከላይ ሽጉጥ የተደገነበት ሰውም ከታቹ ላለው ወታደር ኃላፊነት ነበረበት። ሲያፈገፍግ ቁስለኛ አስነስቶ ነው ወይስ ጥሎ? ውሃ የሌለበት ምሽግ ውስጥ ሰው ስንት ቀን አቆየ? እንዲህ ያለው ጥያቄ በመንግሥቱ ጭካኔ ተሸፍኖ መቅረት የለበትም።

ባለፈው አንድ ለቅሶ ላይ ድንኳን ውስጥ ተቀምጫለሁ። አጠገቤ የነበሩት ጡረተኛ የሃምሳ አለቃ የቀድሞ አዛዣቸውን በስም እየጠሩ ልክ ልካቸውን ይነግሯቸዋል። ያልተባለ የለም። ድንገት አንድ አረጋዊ ኮሎኔል ገቡ፤ የዚያ አዛዥ ባልደረባ የነበሩ ናቸው። የሃምሳ አለቃው ብድግ አሉ። የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ። "ጌታዬ፣ እዚህ ይቀመጡ" ብለው ወንበራቸውን ለቀቁ። ኮሎኔሉ እስኪወጡ ድረስ ወሬው ስለ ኑሮ ውድነት ሆነ። ከወጡ በኋላ ካቆሙበት ቀጠሉ።

አክብሮታቸው ደስ ይላል፤ እውነቴን ነው። ግን ኮሎኔሉ ያንን ክስ ሰምተው "ልክ ነህ" ወይም "ተሳስተሃል፣ ትእዛዙ የመጣው ከዚህ ነው" የማለት ዕድል ሳያገኙ ሄዱ። ሐሜት ለተወቃሹም አይመች፤ መልስ አይሰጥበትም። በግልጽ ከተነገረ ቢያንስ የሚያስተባብል ይመጣል። ስለዚህ የአደባባይ ትችት ለጄኔራሎቹ ክብር ጠር ነው የሚለው አይዋጥልኝም። እንዲያውም ከድንኳን ውስጥ ሹክሹክታ ይሻላቸዋል።

ከባዱ ጉዳይ የሞቱት ናቸው። የግንቦት 8 ቀን 1981ቱን የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ያስታውሱታል። መንግሥቱ ምሥራቅ ጀርመን ሄደዋል። ኤታ ማዦር ሹሙ ሜጀር ጄኔራል መርዕድ ንጉሤና የአየር ኃይሉ አዛዥ ሜጀር ጄኔራል አምሐ ደስታ ሙከራው ሲከሽፍ ራሳቸውን አጠፉ። ኤርትራ የነበረው የሁለተኛው አብዮታዊ ሠራዊት አዛዥ ሜጀር ጄኔራል ደምሴ ቡልቶ አስመራ ላይ ተገደሉ። በዓመቱ፣ በግንቦት 1982፣ 12 ጄኔራሎች ተረሸኑ። ከእነዚህ አንዳቸውም መልስ መስጠት አይችሉም። ለአንዱ ጡረተኛ ከሃዲዎች ናቸው። ለሌላው ደግሞ ስብሰባ ሲያበዙ የተበሉ ናቸው።

እነሱም ይተቹ እላለሁ። የመንግሥቱን አውሮፕላን መምታት ነበረባቸው ወይስ አልነበረባቸውም የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ ያልበረደው ያለ ምክንያት አይደለም። ውጤቱን የከፈለው በአንድ ጊዜ አናቱን ያጣው ጦር ነው። ግን ያን ቀን ጦሩ ውስጥ የነበረ ሰው ሲተች እኔ መጀመሪያ መስማት የምፈልገው እሱ የት እንደነበረ ነው። የትኛው ክፍል ነበርክ? ትእዛዝ ደርሶህ ነበር? ከማን ጎን ቆምክ? ይህን ዘልሎ የሟች ጄኔራል ድክመት ብቻ የሚዘረዝር ሰው ሲያጋጥመኝ ቪዲዮውን እዘጋዋለሁ። ሠላሳ ደቂቃ ሙሉ "ባንዳ" እና "ሻጭ" የሚል ቃል ብቻ የሚደጋግመውንም እንዲሁ። እሱ ስድብ ነው። ለስድቡስ ማን አንሶን።

ጥፋቱ የአቅራቢዎቹም ነው። ብዙዎቹ ማይክራፎኑን አስጠግተው "እሺ ከዚያስ?" ብቻ ነው የሚሉት። ቀኑን አይጠይቁም። ርቀቱን አይጠይቁም። "ይህን በዓይንህ አየህ?" አይሉም። ርዕሱን ግን "ጄኔራሉ ሲጋለጥ" ብለው በቀይ ይጽፉታል። የእነዚያ ጄኔራሎች ልጆች አዲስ አበባም ዋሽንግተንም አሉ። የአባታቸውን ደብዳቤና ማስታወሻ ያስቀመጡም ይኖራሉ። ቪዲዮው ከመለቀቁ በፊት ለእነሱ አንድ ስልክ መደወል ይህን ያህል ከባድ ሥራ አይመስለኝም።