የሙሽሮች ስጦታ ዝርዝር ይውጣ፤ መጀመሪያ ግን ቤቱ ይለካ

የጥር ሰርግ ባለፈ ቁጥር በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞች የሚታየው ነገር ያው ነው። አራት ፔርሙዝ፣ ሦስት የጭማቂ መፍጫ፣ ከቡፌ የማይወጣ የእራት ዕቃ፤ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ግን አንድ ባልዲ የለም። ሰጪዎቹን መውቀስ አይቻልም፣ ምን እንደጎደለ የነገራቸው የለምና። ስለዚህ ሙሽሮች የሚያስፈልጋቸውን ጽፈው ለወዳጅ ዘመድ ቢያሳውቁ ነውር የለውም እላለሁ። «ልመና ይመስላል» የሚሉ አሉ። ልመና የሚመስለው ሙሽራዋ ራሷ በእጇ ስታዞረው ነው፤ ዝርዝሩን አንድ ሚዜ ወይም እህት ብትይዘውና ለጠየቀ ብቻ ብትሰጥ ማንም አያፍርም። በአሜሪካ ይህን ሥራ ሱቁ ይሠራዋል፤ የቺካጎው ማርሻል ፊልድስ እ.ኤ.አ. በ1924 የጀመረው ነው ይባላል። እኛ ዘንድ ሚዜ ይበቃል።

ችግሩ ዝርዝሩ ላይ የሚሰፍረው ነገር ነው። ብዙዎች ቤቱን ሳያዩ ይጽፉታል። ሜትር ይዞ የበሩን፣ የወጥ ቤቱንና የመኝታ ክፍሉን ስፋት መለካት፣ ሶኬቶቹን መቁጠር፣ የብሬከሩን ሳጥን ከፍቶ ማየት የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጻፈው የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው፤ ጣጣው የሚበዛውም የሱ ነው። ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ይሆናል፤ ተራ ሶኬት የሚችለው የመጨረሻው ጣሪያ ማለት ነው። ጋገራ ደግሞ የአምስት ደቂቃ ሥራ አይደለም። ሰዓት ሁለት ሰዓት ሲሳብ የላላ ሶኬት ይቀልጣል፣ በማከፋፈያ ከተሰካማ ገመዱም ይግላል። ብሬከሩ እየወደቀ ሲያስቸግር በትልቅ ይቀየራል፤ የባሰው ስህተት ይህ ነው። ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ከሆነ ብሬከሩ ከመውደቁ በፊት ሽቦው ይግላል። ምጣድ የራሱ 4 ካሬ ሚሊሜትር መስመርና 20 ወይም 25 አምፔር ብሬከር ይፈልጋል። የኪራይ ቤት ከሆነ ደግሞ አከራዩን ማስፈቀድ አለ። ማታ ማታ ቮልቴጁ ወደ 180 በሚወርድበት ሰፈር ምጣዱ ከኃይሉ ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ነው የሚሰጠው፤ እንጀራው ዓይን አላወጣ ሲል ሊጡ በከንቱ ይወቀሳል። ሸክላው በመንገድ ሊሰነጠቅ ስለሚችል ምጣድ ወደ አዳራሽ አይመጣም፣ በቀጥታ ቤት ይደርሳል፤ በጎመን ዘር ሳይሟሽም ሊጥ አይፈስበትም። እንጀራ ከሰፈር እየገዙ ለመብላት ያሰቡ ሙሽሮች በመጀመሪያው ዓመት ምጣድ ባይጽፉ ይሻላል። በሱ ፈንታ ጥሩ መሶብ ይጠይቁ።

ከውጭ አገር የሚመጣው ስጦታ ሌላ ጉዳይ ነው። ከዋሽንግተን ወይም ከዳላስ በሻንጣ የሚላክ መፍጫ፣ የኬክ መምቻ፣ የፀጉር ማድረቂያ የተሠራው ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ (የኤሌክትሪኩ ምልልስ በሰከንድ) ነው። 220 ሲገባበት ማሞቂያ ያለው ዕቃ ሦስት እጥፍ ተኩል ገደማ ኃይል ይስብና ወዲያው ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ቢገዛለትም ለ1,500 ዋት ዕቃ ቢያንስ 2,000 ዋት የሚችል ያስፈልጋል፤ ሞተር ያለው ዕቃ ደግሞ የእኛ 50 ኸርዝ ስለማይስማማው ዘገም ሊል ወይም ሊግል ይችላል። ትራንስፎርመሩ ከዕቃው ይከብዳል፣ ይጮኻል፣ ጠረጴዛም ይይዛል። ከመግዛት በፊት ከዕቃው ሥር የተለጠፈውን ማንበብ ነው፤ «ከ100 እስከ 240 ቮልት» የሚል ከሆነ ይምጣ፣ «120» ብቻ ከሆነ እዚያው ይቅር። ከዱባይ የሚመጣው በቮልቴጅ ይስማማል፣ የሚለየው ሦስት እግር ያለው መሰኪያው ነው። ለካውያና ለውኃ ማፍያ በላላ አዳፕተር ከመጠቀም የመሰኪያውን ራስ በባለሙያ ማስቀየር ይሻላል። የቆየ የሳዑዲ ዕቃ 127 ቮልት ሊሆን ስለሚችል መለያው ሳይታይ አይሰካም። አሜሪካ ላለ ዘመድ ዝርዝሩ ላይ መብራት የማይፈልግ ነገር ቢመደብለት ይቀላል፦ ጥሩ ቢላ፣ የብረት መጥበሻ፣ ወፍራም ፎጣ።

አንሶላ ሁሉም ይሰጣል፣ ልኩን የሚጠይቅ ግን የለም። አልጋው 1.50 በ1.90 ሜትር፣ ፍራሹ 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ካለው፣ ለጎንና ለጎን እንዲሁም ለመጠቅጠቂያ ሲታሰብ 2.30 በ2.70 ሜትር ገደማ ያስፈልጋል። ለ1.20 አልጋ የተሰፋ ሲመጣ ሌሊት ተፈትቶ ይገኛል። ሦስት ጥንድ ይበቃል፤ ሦስተኛው ውኃ ለሚጠፋበት ሳምንት ነው።

ስለ ውኃ ከተነሳ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሦስት ወይም አራት፣ ሁለት ባልዲና ክዳን ያለው በርሜል ሳያፍሩ ይጻፉ። አንድ ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ ስጦታ ልስጥ የሚል ካለ ግን ይመለስ፤ ሲሞላ አንድ ቶን ነው፣ የኮንዶሚኒየም በረንዳ ለዚያ አልተሠራም።

ለሁለት ሰው ከ200 እስከ 250 ሊትር ፍሪጅ በቂ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ አቆይቶ የሚለቅ ስታብላይዘር አብሮ ይጻፍ፤ ኮምፕረሰር የሚቃጠለው ብዙውን ጊዜ በዚያች ቅጽበት ነው። ድስት ሁለት፣ የ3 እና የ6 ሊትር። የድግስ ድስት ከእድር ይገኛል። ሳህንና ብርጭቆ ገበያ ላይ ዘወትር ከማይጠፋ ነጭ ዓይነት ቢመረጥ ሲሰበር ይተካል።

ሐምሌ 2016 የብር የምንዛሪ ዋጋ በገበያ መወሰን ከጀመረ ወዲህ ዛሬ የተጻፈ ዋጋ እስከ ሰርጉ ቀን ላይቆይ ይችላል። ስለዚህ ዝርዝሩ ላይ ዓይነቱና ልኩ እንጂ ብሩ አይጻፍም። ፍሪጅና ፍራሽ ለአንድ ሰው ስለሚከብዱ የሥራ ባልደረቦች በመዋጮ ይያዙት፣ ገንዘቡም በቴሌብር ለዝርዝሩ ያዥ ይላክ። አንድ ዕቃ ሲያዝ ያዡ ወዲያው ይሰርዘዋል፤ ይህ ካልተደረገ ፔርሙዙ ተመልሶ አራት ይሆናል። የመብራት ዕቃ ሱቁ ውስጥ ተሰክቶ ይሞከር፣ ደረሰኙና የዋስትና ወረቀቱም ካርቶኑ ውስጥ ይግቡ። ብዙ ሰው ዋጋው እንዳይታይ ብሎ ደረሰኙን ያወጣዋል፤ ዕቃው ሲበላሽ ታዲያ ሱቁ አይቀበልም።

ለአክስቶችና ለአያቶች ዝርዝር አይሰጥም። እነሱ ከሽሮ ሜዳ ጋቢ ይዘው ይመጣሉ፤ ቢነገራቸውም ጋቢውን አይተዉም። ስለዚህ ያዡ ከሌሎች ሰጪዎች ዝርዝር ላይ ብርድ ልብስን አስቀድሞ ይሰርዝ።